ከቡናው አጠገብ አንድ ጠረጴዛ አስቀምጡልን፦ በአውሮፓ ለሚገኙ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በጣሊያን፣ በጀርመን፣ በስዊድን፣ በኔዘርላንድና በሌሎችም የአውሮፓ አገሮች ለምትገኙ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት፣ እድሮች፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

እንደምን ከረማችሁ? ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ኮሎኝ አካባቢ ካለች ትንሽ ከተማ ሆኜ ነው። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት 11 ዓመት ጣሊያን፣ ቦሎኛ ኖሬያለሁ። ከጣሊያን ወደ ጀርመን ለሥራ የመጣሁት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው አልተሳካም፤ ሁለተኛው ተሳካ። በሁለቱ መሀል ሦስት ዓመት አለፈ። እነዚያን ሦስት ዓመታት የበላብኝ ካርዴ ላይ ያልነበረ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

ስለዚያ መስመር የነገረኝ ሰው አልነበረም። በየእሑዱ ግን አብረን ነበርን። ቅዳሴው ሲያልቅ አዳራሽ ወርደን ዳቦ እንቆርሳለን፣ ቡና እንጠጣለን፣ ስለ አገር እናወራለን። ከመሀላችን አንድ ሰው እንኳ ቢያውቀውና ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢናገረው ኖሮ ይበቃኝ ነበር። ልወቅሳችሁ አይደለም። እኔም ከማያውቁት አንዷ ነበርኩ። የምጽፈው የምለምናችሁ ነገር ስላለኝ ነው።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ከመጀመሪያው ልነሳ። ዓመቶቹን የማነሳው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጣሊያን የገባሁት በ2011 ነው። አሻራ ሰጠሁ፣ እጄን ሰጠሁ፣ ማለትም ጥገኝነት ጠየቅኩ፤ በዓመቱ ጥገኝነት አገኘሁና የአምስት ዓመት ሶጆርኖ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ፣ ያዝኩ። ከዚያ እንደ ብዙ እህቶቻችን ባዳንቴ፣ ማለትም ሰው ቤት እያደረች አረጋውያን የምትንከባከብ ሠራተኛ፣ ሆንኩ። አንዲት ሲኞራ ቤት ስድስት ዓመት ኖርኩ። ሳጥባት፣ ሳበላት፣ ሌሊት ስትጠራኝ ስነሳ ስድስት ዓመት አለፈ። እሷ ስትሞት ሥራዬም መኝታዬም አብረው ሄዱ። ባዳንቴ የሆነች ሁሉ ይህን ታውቀዋለች። ቀብር ላይ ቆመሽ ለሟቿም ታለቅሻለሽ፣ ማታ የት እንደምታድሪም ታስቢያለሽ።

ጀርመን ያለችው የአክስቴ ልጅ «እዚህ አረጋውያን ቤት ሰው አጥተው ይጨነቃሉ፤ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። በ2019 መጣሁ። ሁለት ቀን አሠርተው ሞከሩኝና ውል ሰጡኝ። ውሉን ደረቴ ላይ ይዤ አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ። በቃ፣ አለፈልኝ ብዬ ነበር።

በማግሥቱ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄድን። ጸጥ ያለ ሽማግሌ ሰው ነበር ያስተናገደን። ሶጆርኖዬን ተቀበለና አገላበጠው። ጠረጴዛው ላይ ካለው መብራት ሥር አስጠጋው። ከዚያ ጣቱን የፈቃዱ ዓይነት የሚጻፍበት ቦታ ላይ አሳረፈ። የእኔ «አዚሎ» ይላል፤ ጥገኝነት ማለት ነው። «እዚህ ቦታ ላይ ሌላ ነገር መጻፍ ነበረበት» አለ። የአክስቴ ልጅ ተረጎመችልኝ። ምን ነበር መጻፍ ያለበት ብላ ጠየቀችው። ቢጫ ወረቀት አወጣና በጣሊያንኛ ጻፈልኝ። «ሶጆርናንቲ ዲ ሉንጎ ፔሪዮዶ፣ ኡኤ»። የረጅም ጊዜ ነዋሪ፣ የአውሮፓ ኅብረት ማለት ነው። በያዝኩት ካርድ 90 ቀን መቆየት እንጂ መሥራት አልችልም። ውሉ ዋጋ የለውም።

ሰውየው አልተቆጣኝም፣ አላመናጨቀኝም። ሕጉን ነው የነገረኝ። ስምንት ዓመት ጣሊያን ስኖር ያልሰማሁትን ነገር አንድ ጀርመናዊ በአምስት ደቂቃ ነገረኝ። ያቺን ቢጫ ወረቀት እስካሁን አላጣኋትም። ፓስፖርት መያዣዬ ውስጥ ናት።

አሁን ሕጉን እንደገባኝ ላስረዳ። ብዙ ወገኖቼ «ደብሊን» የሚለውን ቃል ብቻ ስለሚያውቁ፣ አንድ አገር አሻራ የሰጠ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እዚያው የታሰረ ይመስላቸዋል። ደብሊን የጥገኝነት ጥያቄህን የትኛው አገር እንደሚመለከተው የሚወስን ሕግ ነበር። ጥያቄው ተመልሶለት፣ ወረቀት ይዞ ዓመታት ለኖረ ሰው ሌላ በር አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2003 የረጅም ጊዜ ነዋሪዎች መመሪያ የሚባል ሕግ አወጣ። በአንድ አባል አገር አምስት ዓመት በሕጋዊ መንገድ የኖረ የውጭ ዜጋ፣ ገቢና የጤና መድን ካለው፣ «የረጅም ጊዜ ነዋሪ፣ የአውሮፓ ኅብረት» የሚል ካርድ መጠየቅ ይችላል። ካርዱን የያዘ ሰው ደግሞ ወደ ሌላ አባል አገር ሄዶ የመኖርና የመሥራት ፈቃድ ማመልከት ይችላል። መጀመሪያ ላይ ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች በዚህ ሕግ አይካተቱም ነበር። በ2011 ሕጉ ተሻሻለና እነሱም ገቡበት። አገሮቹ እስከ 2013 ድረስ በየሕጋቸው እንዲያስገቡት ተደረገ።

እንግዲህ አስቡት። እኔ ጣሊያን በገባሁበት ዓመት ነው በሩ ለእንደኔ ዓይነቱ የተከፈተው። እኔ ግን በ2019 ነው የሰማሁት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሙ ላይ ነው። «ቋሚ» የሚል ወረቀት ሁሉ ይህ ካርድ አይደለም። ጀርመን ያላችሁ ይህን ልብ በሉልኝ። ኒደርላሱንግስኤርላውብኒስ የሚባለው ቋሚ ፈቃድ ጀርመን ውስጥ ይሠራል፤ ኔዘርላንድ ሄዶ ሥራ ለመጀመር ግን ይህን መብት አይሰጥም። ለዚያ «ዳውርአውፍኤንትሃልት ኢዩ» የሚለውን ነው መጠየቅ። ሁለቱንም ጎን ለጎን መያዝ ይቻላል። ስዊድን ያላችሁም እንደዚሁ። ፔርማነንት አለኝ ብሎ የተቀመጠ ሰው የኅብረቱን ደረጃ ለማግኘት ለብቻው ማመልከት አለበት። ማንም ቤታችሁ ድረስ አያመጣላችሁም። ጠይቆ የወሰደ ወሰደ።

በሩ ለሁሉም አገር እንደማይሠራም መታወቅ አለበት። ዴንማርክና አየርላንድ የኅብረቱ አባላት ቢሆኑም በዚህ ሕግ አይገዙም። እንግሊዝ ከኅብረቱ ወጥታለች። ስዊዘርላንድና ኖርዌይ አባል አይደሉም። ይህን ካርድ ይዞ ኦስሎ ወይም ዙሪክ ገብቶ መሥራት የሚፈልግ ሰው በከንቱ ይለፋል። ኦስትሪያ ደግሞ ኮታ አላት።

ወደ ራሴ ልመለስ። ቦሎኛ ተመለስኩና መጠየቅ ጀመርኩ። አንዱ «የጣሊያንኛ ፈተና ማለፍ አለብሽ» አለኝ። አንድ ክረምት ሙሉ ማታ ማታ ትምህርት ቤት ተመላለስኩ። ቋንቋ መማር መቼም አይጎዳም፤ ግን ጥገኝነት ያገኘ ሰው ለዚህ ካርድ ከቋንቋ ፈተናው ነፃ መሆኑን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ፈተናው ለሌሎች ነው። አምስቱ ዓመትም የሚቆጠረው ጥገኝነት ከጠየቅክበት ቀን ጀምሮ ነው እንጂ ወረቀቱ ከተሰጠህበት ቀን አይደለም። ይህንንም አላወቅኩም ነበር። በስሌቱ ካየነው ከ2016 ጀምሮ ማመልከት እችል ነበር።

እውነተኛው እንቅፋት ገቢው ነው። በዓመት ቢያንስ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠውን የማኅበራዊ ድጎማ ያህል ገቢ ማሳየት ያስፈልጋል። እኔ ባመለከትኩበት በ2021 ወደ 5,984 ዩሮ ገደማ ነበር። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል፤ በ2025 ወደ 7,000 ዩሮ ገደማ ደርሶ ነበር። ቤተሰብ አብሮ ከተጠየቀ ከዚያ በላይ ይሆናል። ይህን ያህል ገንዘብ ቀንና ሌሊት የምትሠራ ባዳንቴ ታገኛለች። ችግሩ ወረቀት ላይ ነው። ብዙ ቤተሰቦች በሳምንት 25 ሰዓት ብለው ያስመዘግባሉ፤ የቀረውን በእጅ ይሰጣሉ። በእጅ የተሰጠው ገንዘብ ለኩዌስቱራ፣ ፈቃዱን ለሚሰጠው የፖሊስ ቢሮ፣ የለም ማለት ነው። እህቶቼ፣ በእጅ ይሻለኛል የምትሉ፣ ያ ገንዘብ ዛሬ ወደ አገር ቤት ይላካል፤ ነገ ግን ካርድ ያስከለክላችኋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና። የቤት ሠራተኛ አሠሪ ለኢንፕስ፣ ለጣሊያን የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት፣ መዋጮ የሚከፍለው በየሦስት ወሩ ነው። ቀነ ገደቡ በኤፕሪል፣ በጁላይ፣ በኦክቶበርና በጃንዋሪ 10ኛው ቀን ላይ ነው። አሠሪሽ መክፈሉን የከፈለበትን ደረሰኝ ጠይቀሽ ማየት ትችያለሽ። ፓትሮናቶ፣ ሠራተኛን በወረቀት ጉዳይ የሚረዳ ቢሮ፣ ሄደሽም የኢንፕስ መዝገብሽን በነፃ ማውጣት ይቻላል። እኔ ሳወጣው ከስድስቱ ዓመት አንዱ ዓመት ግማሹ ባዶ ሆኖ ተገኘ። የሲኞራዋ ልጅ ረስቼው ነው ብሎ ደነገጠ፤ በኋላ ከፈለው። ባልጠይቅ ኖሮ ባዶ ሆኖ ይቀር ነበር።

ቀሪው ብዙም አያስቸግርም። ከፖስታ ቤት ኪቱን፣ የማመልከቻ ቅጾቹን፣ መውሰድ፣ ፓትሮናቶ ሄዶ ማስሞላት፣ 16 ዩሮ ቴምብር፣ ለካርዱ 30.46፣ ለመንግሥት 100፣ ለፖስታ 30። ሲደመር ከ176 ዩሮ ትንሽ ይበልጣል። ከዚያ አሻራ፣ ከዚያ መጠበቅ። ይህን የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። አንድ የራሳችን ሰው «እኔ አስጨርስልሻለሁ» ብሎ 800 ዩሮ ጠይቆኝ ነበር። የሚያስጨርሰው ነገር አልነበረውም። ያው ፓትሮናቶ ነበር የሚወስደኝ። ደግሞም ተለምኖ የረዳ እንጂ ሸፍጥ የሠራ አይመስለውም፤ ስላወቀ ብቻ ይሸጣል። የሚሸጠው እኛ ስለማናወራ ነው።

በ2022 ካርዱ እጄ ገባ። «ኡኤ» የሚሉትን ሁለት ፊደላት አውራ ጣቴ ስር አድርጌ ብዙ ጊዜ አየኋቸው። ከጀርባው ጥበቃ የሰጠችኝ ጣሊያን መሆኗ ተጽፏል። ይህ ማስታወሻ አያስደንግጣችሁ። ሌላ አገር ሆናችሁ ነገር ቢበላሽ ወደ ኢትዮጵያ እንዳትመለሱ የሚጠብቃችሁ እሱ ነው።

ጀርመን ሁለተኛ ጊዜ ስመጣ ቪዛ አላስፈለገኝም። በካርዱ ገብቶ እዚሁ ማመልከት ይቻላል። ግን 90 ቀኑ ሳያልፍ ነው። መኖሪያ ማስመዝገብ፣ የሥራ ውል፣ ራስን የሚያስተዳድር ገቢ፣ የጤና መድን። ለተቀጣሪ ሥራ የሥራና ሠራተኛ ኤጀንሲው ይሁንታ ያስፈልጋል፤ ደመወዙና የሥራ ሁኔታው ከጀርመኖቹ ያነሰ አለመሆኑን ያያል። እኔ አራት ወር ጠበቅኩ። ፈቃዱ እስኪመጣ መሥራት አይቻልም። በዚህ ላይ ልባችሁን አትክፈሉ። «ገና ሳይመጣ ጀምሪ፣ ማን ያውቃል» ያሉኝ ነበሩ። የመጀመሪያው አሠሪ አልጠብቅም ብሎ ውሉን ሰረዘ። ሌላ ፈለግኩ፣ ማመልከቻውን ቀየርኩ፣ እንደገና ጠበቅኩ። የአራት ወር ቀለብና የቤት ኪራይ ሳይቆጥብ የሚመጣ ሰው እዚህ ይሰበራል። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ቦሎኛ ሌላ ስድስት ወር ሠርቼ እመጣ ነበር። የአክስቴ ልጅ ሳሎኗን ባትሰጠኝ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?

ፈቃዱ ሲመጣ ለዚያ ሥራ ብቻ የተሰጠ ነበር። እንዲህ ያለው ገደብ ግን ከ12 ወር አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ሥራ መቀየር ይቻላል። ዛሬ ረዳት ሆኜ እየሠራሁ የነርስ ረዳትነት ሥልጠናዬን ጀምሬያለሁ።

የጥገኝነት ጉዞ ሰነድ ላላችሁ አንድ ነገር አክላለሁ። አዲሱ አገር ስትሄዱ ሰነዱን የሚያድስላችሁ ማን ነው የሚለው ያስጨንቃል። ለዚህ በ1980 የተፈረመ የአውሮፓ ስምምነት አለ። ጣሊያንም ጀርመንም ፈርመውታል። በባለሥልጣኑ ፈቃድ ሁለት ዓመት ሳይቋረጥ የኖረ ሰው ኃላፊነቱ ወደ አዲሱ አገር ይሸጋገርለታል። ቀኑን መቁጠር የእናንተ ሥራ ነው።

አሁን ደግሞ ይህን ሳያውቁ ስለመጡት ልንገራችሁ።

አንድ ወንድማችን አለ። ጣሊያን ዘጠኝ ዓመት ኖሯል፤ ጥገኝነቱም ወረቀቱም ነበረው። «ጀርመን ይሻላል» ሲባል መጣና እንደገና እጁን ሰጠ። ሌላ አባል አገር ጥገኝነት የሰጠው ሰው ማመልከቻ እዚህ ለመታየት ተቀባይነት የለውም። ተባለ፣ ይግባኝ አለ፣ ዓመታት ሄዱ። በዚህ መሀል የጣሊያኑ ሶጆርኖ ጊዜው አለፈ። አንድ ምግብ ቤት ጓዳ በኔሮ፣ ማለትም ያለ ውል በድብቅ፣ ይሠራ ነበር። የፈላ ዘይት እጁ ላይ ፈሰሰበት። ሐኪም ቤት መሄድ ፈርቶ ቅባት ቀብቶ በጨርቅ ጠቀለለው። ያየሁት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ጨርቁን ስፈታው ከቆዳው ጋር ተጣብቆ መጣ። ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ፣ ግብር የከፈለ ሰው ነው። ለካርዱ የሚያስፈልገውን ዓመት ከሞላ አራት ዓመት አልፎት ነበር። አላወቀም።

አንዲት እናትም አሉ። ካርዱ ነበራቸው። አገር ቤት እናታቸው ታመው ሄዱና 14 ወር አስታመሙ፣ ቀበሩ፣ አርባና ሙት ዓመት አወጡ። ሲመለሱ መብቱ ጠፍቷል ተባሉ። ከኅብረቱ አገሮች ውጭ 12 ወር ያለማቋረጥ የቆየ ሰው ደረጃውን ያጣል። ነገር ግን በ2022 መጀመሪያ የኅብረቱ ፍርድ ቤት አንድ ትልቅ ውሳኔ ሰጥቷል። በዚያ 12 ወር ውስጥ ጥቂት ቀን እንኳ ኅብረቱ ውስጥ የተገኘ ሰው መብቱ አይጠፋበትም። አንድ የአውሮፕላን ትኬት ማለት ነው። ለእኚህ እናት ትኬቱን ሁላችንም አዋጥተን እንገዛላቸው ነበር። የነገራቸው ግን አልነበረም። ካርዱን ከሰጠው አገር ደግሞ ስድስት ዓመት የራቀ ሰውም ደረጃውን ያጣል፤ ስለዚህ አዲሱ አገር አምስት ዓመት እንደሞላ የዚያን አገር ካርድ መጠየቅ ይገባል።

ጡረታውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። «ጣሊያን የሠራሁት ቀለጠ» የሚሉ እህቶች በየቀኑ አገኛለሁ። አልቀለጠም። በኅብረቱ አገሮች የተከፈለ የጡረታ መዋጮ ለመብቱ ይደመራል። ይህ በሕጋዊ መንገድ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ለሄደ የውጭ ዜጋም ይሠራል። ጣሊያን ለመደበኛው የእርጅና ጡረታ 20 ዓመት ትጠይቃለች። አንዲት እህት ጣሊያን 11 ዓመት ከፍላ፣ ጀርመን 9 ብትጨምር 20 ይሞላል። ሁለቱም አገሮች የየድርሻቸውን ይከፍሏታል። ሁለቱን የሚያገናኘው ወረቀቱ ነው፤ ስለዚህ የደመወዝ ወረቀታችሁንና የውላችሁን ቅጂ አትጣሉ። እኔ የእኔን ሁሉ በጫማ ካርቶን ይዤ ነው አልፕስን የተሻገርኩት።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ።

እኛ ሰው ሲሞት እንዴት እንደምንሆን አውቃለሁ። ሌሊት ስልክ ይደወላል። እስኪነጋ ድረስ የቫይበርና የዋትሳፕ ግሩፑ ሁሉ ይናወጣል። በሦስት ቀን ውስጥ ሬሳ ወደ አገር ቤት የሚያስልክ ገንዘብ ይሰበሰባል። ድንኳን ባይኖር አዳራሽ ይገኛል፤ ንፍሮው፣ ሻዩ፣ የሚያለቅስ ሰው ሁሉ አለ። ያን ሳይ እኮራለሁ። ማን እንደኛ? ግን ያ እጁ የተቃጠለው ወንድማችን አጠገባችን ሁለት ዓመት ሲቀመጥ የወረቀቱን ቀን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ከሞተ ግን እናዋጣለት ነበር። ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ከቡናው አጠገብ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አስቀምጡልን። በወር አንድ እሑድ ወይም አንድ ዓርብ ይበቃል። የአገሩን ቋንቋ የሚያነብ አንድ ሰው ይቀመጥበት። መቼም በየማኅበሩ እዚህ ተወልዶ ያደገ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ አይጠፋም። ልጆቹ እኛ እርዱን እስክንላቸው ነው የሚጠብቁት። ጠበቃ ይሁኑ አላልኩም። እንዲያውም የሕግ ምክር እንዳይሰጡ መጠንቀቅ አለባቸው። ካርድ አንብበው «ይህ የኅብረቱ ነው፣ ይህ አይደለም» ማለት፣ የሚያልፍበትን ቀን ደብተር ላይ መመዝገብ፣ ሦስት ወር ሲቀረው ስልክ መደወል፣ ወደ ትክክለኛው ቢሮ መምራት። በቃ።

ትክክለኛው ቢሮ ደግሞ በነፃ አለ። ጣሊያን ፓትሮናቶዎቹ አሉ። ጀርመን ካሪታስ፣ ዲያኮኒ፣ ቀይ መስቀልና ሌሎችም በመንግሥት ድጋፍ ለአዋቂ ስደተኞች የሚሰጡት ነፃ የምክር አገልግሎት አለ። አማካሪዎቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ሰው የማይሄደው ስለሚፈራ ነው። በዓመት አንዴ አማካሪ ጋብዙና አዳራሻችሁ ውስጥ ያናግሩን፤ የራሳችን ሰው ያስተርጉም። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ ሁሉም ይነገርበት። በየበጋው ከከተማ ከተማ በሚዞረው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ዝግጅት ላይ ከአገር አገር ስንት ሺህ ሰው ይገናኛል። ከክትፎው ድንኳን ጎን ለዚህ የሚሆን አንድ ድንኳን ቦታ አይጠፋም።

የሃይማኖት አባቶቻችንን ደግሞ ለብቻ ልለምን። ከማኅበር ሊቀመንበር ይልቅ እናንተ ትሰማላችሁ። ባዳንቴዋ እህቴ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው የምትወጣው። በዚያች እሑዷ የምትመጣው እናንተ ዘንድ ነው። ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ፣ ስለ ጽዋ ማኅበሩና ስለ በዓሉ ከተነገረ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ካርዳችሁን ዛሬ ማታ አውጥታችሁ እዩት» ብትሉ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የመስጊድ ኮሚቴዎችም ከጁምዓ በኋላ እንዲሁ ብታደርጉ።

ይህን ለምን መንግሥታቱ አይነግሩንም የሚል ይኖራል። ቢነግሩን መልካም ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽንም በ2022 ሕጉን ለማቅለል፣ በተለያዩ አገሮች የኖርንባቸው ዓመታት እንዲደመሩልን ሀሳብ አቅርቦ ነበር። የእኛ ሰው ግን ያን እስኪያገኝ አይጠብቅም፤ ዛሬ ማታ አውቶቡስ ይሳፈራል። ዛሬ በእጁ ያለውን መብት ዛሬ ይወቀው።

እኔ ከኮሎኝ በባቡር እስከ ሁለት ሰዓት መንገድ ድረስ ላለ ማኅበር ሁሉ በወር አንድ እሑድ ለመምጣት ቃል እገባለሁ። ጣሊያንኛ እናገራለሁ፣ ጀርመንኛዬም ለደብዳቤ ይበቃል። የጣሊያኑን ቅጽ የመጀመሪያ ገጽ ከነትርጉሙ በአማርኛ አዘጋጅቻለሁ፤ የፈለገ ማኅበር ይውሰደው፣ ያባዛው። ለመጀመሪያው ቀን የሚመጣ ሰው ሶጆርኖውን ወይም ካርዱን ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አንስቶ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት የደመወዝ ወረቀቶች ይዞ ይምጣ። ጠረጴዛውን ከቡናው አጠገብ አድርጉልን፤ ሰው አፍሮ እንዳይርቅ።

አክባሪ እህታችሁ፣
ከኮሎኝ አካባቢ